መቐለ በአፍሪቃ ሻምፒዮን ክለቦች ውድድር፤ የ2011/12 ዓ.ም. ዘመን አጭር ታሪክ

መግቢያ

የእግር ኳስ ነገር በእንደዚህ ያለ የጥናት መጽሔት ላይ ተጽፎ ሲገኝ አንዳንድ አንባቢ ቅር ይለው ይሆናል። ታሪክ የመንግሥትና የሕግ፣ የጦርነትና የንግድ ነገር ነው፤ ኳስ ግን የዕረፍት ሰዓት መጫወቻ ነው የሚል ወዳጅ አናጣም። እኛም ይህን ሐሳብ ጨርሰን አንንቀውም። ነገር ግን በአንድ ከተማ ውስጥ በዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ስለ አንድ ነገር ተሰብስቦ ከተገኘ፣ የዚያን ከተማ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያን ስብሰባ አልፎ ሊሄድ አይገባውም። ገበያውን ከጻፍን፣ የንግሥ በዓሉን ከጻፍን፣ ሜዳውንም መጻፍ ይገባናል።

የዚህ ጽሑፍ ነገር አንድ የኢትዮጵያ ከተማ ክለብ፣ ማለት መቐለ 70 እንደርታ፣ በአፍሪቃ ሻምፒዮን ክለቦች ውድድር የተካፈለበት ዘመን ነው። በውድድሩ መዝገብ ላይ ይህ ዘመን ለመቐለ አንድ መስመር ብቻ ይዟል። ከማላቦው ካኖ ስፖርት ጋር በደርሶ መልስ ተጫውቶ፣ በመጀመሪያው 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው 1 ለ 1 ተለያየ፤ በድምሩ 3 ለ 2 ተረትቶ ወጣ። ነገሩ በነሐሴ ወር ተጀምሮ በነሐሴ ወር አለቀ። ብዙ ሰው ከዚህ ሌላ የሚነገር ታሪክ የለውም ይላል። እኛ ግን ሦስት ጥያቄዎች እናነሣለን። አንደኛ፣ መቐለ ወደዚህ ውድድር የደረሰችው በምን መንገድ ነው? ሁለተኛ፣ የወደቀችው በምን ምክንያት ነው? ሦስተኛ፣ ያ አንድ መስመር የዘመኑን ታሪክ በሙሉ ይናገራልን?

ስለ ዘመን አቈጣጠር አንድ ቃል እንጨምር። ዓ.ም. ያልነው ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው። የአፍሪቃው ውድድር ዘመኑን የሚቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ስለሆነ፣ ባስፈለገ ጊዜ እ.ኤ.አ. ብለን ለይተን እናመለክታለን።

፩፤ ከመቐለ በፊት የነበረው

ኢትዮጵያ ለአፍሪቃ እግር ኳስ እንግዳ አይደለችም። የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 እ.ኤ.አ. በካርቱም ሲቋቋም ከግብጽ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪቃ ጋር ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ ግብጽን፣ በጊዜው ስሟ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ፣ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ ተነግሯል።

እምብዛም የማይነገረው ግን የክለቦቹ ታሪክ ነው። የአፍሪቃ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በ1964/65 እ.ኤ.አ. ነበር። በክዋሜ ንክሩማ ስም ለተጠራው ለዚያ ዋንጫ ኢትዮጵያን ወክሎ የሄደው ክለብ ከአዲስ አበባ አልነበረም፤ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ክለብ ነበር። ይህም ክለብ እስከ መጨረሻዎቹ አራት ደርሶ ወደ አክራ ተጓዘ። በዚያም በስታድ ማልየን 3 ለ 1 ተሸነፈ። ጥር 30 ቀን 1957 ዓ.ም. በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ የዱዋላው ኦሪክስ ስታድ ማልየንን 2 ለ 1 አሸንፎ የመጀመሪያው የአፍሪቃ ሻምፒዮን ክለብ ሆነ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የድሬዳዋውን ክለብ እስከ አራተኛው ደረጃ መድረስ አንሥቶ፣ «የቀድሞዎቹ ጀግኖች ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ግን ደካሞች ናቸው» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። በዚያ ዘመን የተካፈሉት ክለቦች ጥቂት ስለነበሩ ከመጨረሻዎቹ አራት ለመድረስ የሚያስፈልገው ጨዋታ ጥቂት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጻነታቸውን ያገኙት አገሮች ሁሉ ክለቦቻቸውን መላክ ጀመሩ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ውድድሩ ስሙንና ሥርዐቱን ለውጦ የምድብ ጨዋታ ተጨመረበት። እንግዲህ በመቐለ ጊዜ አንድ አዲስ ክለብ ከምድቡ ለመግባት ብቻ በጥሎ ማለፍ ሁለት ተጋጣሚዎችን በደርሶ መልስ ማሸነፍ ነበረበት። ከኢትዮጵያ ክለቦች ይህን ደጃፍ አልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድብ የገባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ሁለቱን ዘመናት በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም።

ቢሆንም ከድሬዳዋ አንድ ትምህርት እንወስዳለን። ኢትዮጵያን በመጀመሪያው የክለቦች ውድድር ያስጠራችው የባቡርና የፋብሪካ ከተማ እንጂ ዋና ከተማዋ አይደለችም። በኳስ ነገር አዲስ አበባ ሁልጊዜ ቀዳሚ ነበረች የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ ላይ ይፈርሳል።

፪፤ የመቐለ መንገድ

የክለብ ስም ክለቡን ያቆመው ማን እንደሆነ ይናገራል። በአገራችን የቈዩት ክለቦች አብዛኞቹ በመሥሪያ ቤትና በድርጅት ስም የተጠሩ ናቸው። የጦር ሠራዊቱ፣ የመብራት ኃይሉ፣ የባንኩ፣ የመድን ድርጅቱ ክለብ እየተባለ ይጠራል። የድሬዳዋውም የጥጥ ፋብሪካው ነበር። መቐለም በዚሁ ሥርዐት ውስጥ አልፋለች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በፕሪምየር ሊጉ የከተማይቱን ስም ያስጠሩት ትራንስ ኢትዮጵያና ጉና ንግድ ነበሩ። አንደኛው የማመላለሻ፣ ሁለተኛው የንግድ ድርጅት ክለብ ነው። ድርጅቱ ፊቱን ባዞረ ጊዜ ክለቡም ይቀራል። ተጫዋቹ የድርጅቱ ሠራተኛ ወይም ተቀጣሪ ነው፤ የከተማው ሕዝብ ግን ከውጭ ሆኖ የሚመለከት እንግዳ ይሆናል።

መቐለ 70 እንደርታ የሚለው ስም ከዚህ የተለየ ነው። እንደርታ መቐለ የምትገኝበት የጥንት አውራጃ ስም ነው፤ መቐለ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ቤተ መንግሥታቸውን ሠርተው መናገሻ ያደረጓት ከተማ ናት። ስለዚህ ስሙ የአገርና የከተማ ስም እንጂ የድርጅት ስም አይደለም። ይህ ለውጥ በመቐለ ብቻ የታየ አልነበረም። በዚያው ጊዜ ሐዋሳ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር በከተማቸው ወይም በአገራቸው ስም የሚጠሩ ክለቦች ነበሯቸው። ይኸውም በአንድ ወገን ብዙ ተመልካች ወደ ሜዳ ሳበ፤ በሌላ ወገን ደግሞ የከተማ ፉክክር የአገር ፉክክር መልክ እንዲይዝ አደረገ። ሁለቱንም ሳይደብቁ መጻፍ ያስፈልጋል።

ክለቡ በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በመቐለ ከተማ ስም ወደ ፕሪምየር ሊጉ ገባ። አብረውት የገቡት ጅማ አባ ጅፋርና የአዲግራቱ ወልዋሎ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ፣ ጅማ አባ ጅፋር፣ በገባበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2011 ዓ.ም.፣ መቐለ ተራውን ወሰደ። ሁለቱንም ክለቦች ለሻምፒዮንነት ያበቃቸው አንድ አሠልጣኝ ነው፤ እርሱም ገብረ መድኅን ኃይሌ ነው። ይህ ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በሁለት ተከታታይ ዓመታት፣ በሁለት የተለያዩ ከተሞች፣ ከታች በመጡ ሁለት ክለቦች አንድ ሰው ሁለት ዋንጫ ሲያነሣ፣ የገንዘብና የስም ብልጫ ብቻ ሻምፒዮን እንደማያደርግ ያስረዳናል።

የ2011ን ሊግ መቐለ ያሸነፈው እስከ መጨረሻው ከተከተለው ከጎንደሩ ፋሲል ከነማ ጋር ተፎካክሮ ነው። በአጥቂው መሥመር ጎልቶ የታየው አማኑኤል ገብረ ሚካኤል ነበር። በረኛነቱን ይዞ ከነበሩት መካከል ደግሞ ከኢኳቶሪያል ጊኒ የመጣው ፊሊፔ ኦቮኖ ይገኛል። ኦቮኖ በ2015 እ.ኤ.አ. አገሩ ባዘጋጀችው የአፍሪቃ ዋንጫ የብሔራዊ ቡድኗ በረኛ የነበረ ሰው ነው። የዕጣ ነገር ሆኖ የመቐለ የመጀመሪያ ተጋጣሚ ከኦቮኖ አገር የመጣ ክለብ ሆነ። አንዳንድ ጊዜ ታሪክ እንዲህ ያለ መገጣጠም ያመጣል።

በዚህ መንገድ በፕሪምየር ሊጉ ታሪክ ከትግራይ የተገኘ ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኖ ወደ አፍሪቃ ውድድር ተላከ።

፫፤ ሁለቱ ጨዋታዎች

ጨዋታዎቹን ከመመልከታችን በፊት የጊዜውን ሥርዐት ማወቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ የአፍሪቃ ክለቦች ውድድር የሚጀመረው በአውሮፓውያን ዓመት መጀመሪያ ገደማ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ኮንፌዴሬሽኑ የብሔራዊ ቡድኖቹን ዋንጫ ወደ ሰኔና ሐምሌ፣ የክለቦቹን ውድድር ደግሞ ከነሐሴ እስከ ግንቦት እንዲሆን ወሰነ። በመካከሉ አንድ አጭር የመሸጋገሪያ ዘመን ተደረገ፤ ጅማ አባ ጅፋር የተጫወተው በዚያ በመሸጋገሪያው ዘመን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ነው። በአዲሱ ሥርዐት ሙሉ ዘመን ለመጫወት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮን መቐለ ሆነ።

ይህ ለውጥ ለእኛ አገር ምን ማለት እንደነበር እንመልከት። ሊጋችን የሚያልቀው ክረምቱ ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾች ወደ ቤተ ሰባቸው ይሄዳሉ፤ ውላቸው ያለቀ ሌላ ክለብ ይፈልጋሉ፤ ሜዳውም በዝናብ ይርሳል። የአፍሪቃው ቅድመ ማጣሪያ የተጀመረው ልክ በዚህ ጊዜ፣ በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነበር። እንግዲህ ክለቡ የሻምፒዮንነቱን ደስታ ገና ሳይጨርስ፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ገና ሳይዘጋጅ ለጉዞ መነሣት ነበረበት።

ጉዞውም ቀላል አልነበረም። መቐለ በኢትዮጵያ ደጋ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ማላቦ ደግሞ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በባዮኮ ደሴት ዳርቻ የተቈረቈረች፣ ሙቀትና ርጥበት የበዛባት ወደብ ናት። ከአንዷ ወደ ሌላዋ መሄድ የአፍሪቃን ወርድ ከዳር እስከ ዳር መሻገር ነው። በነሐሴ መጀመሪያ 2011 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ መቐለ 2 ለ 1 ተሸነፈ።

ይህ ውጤት መጥፎ ነበርን? አልነበረም። በጊዜው በነበረው ደንብ መሠረት፣ ሁለት ቡድኖች በድምሩ እኩል ከሆኑ ከሜዳው ውጭ ብዙ ጎል ያገባው ያልፋል። መቐለ በማላቦ አንድ ጎል አግብቷልና፣ በሜዳው 1 ለ 0 ቢያሸንፍ ድምሩ 2 ለ 2 ይሆንና በዚያች አንድ የውጭ ጎል ያልፍ ነበር። ስለዚህ ከማላቦ ሲመለስ በእጁ ያለው ነገር ሽንፈት ብቻ አልነበረም፤ አንዲት ጎል ብታገባ፣ አንድም ባይገባብህ ታልፋለህ የሚል ግልጽ ተስፋ ነበር።

ሁለተኛው ጨዋታ የተደረገው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በዚያው በነሐሴ አጋማሽ ግድም ነው። ይህ ሳምንት በትግራይ የአሸንዳ ሳምንት ነው። በዓሉ ነሐሴ 16 ቀን ይጀመራል፤ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ የአገር ልብስ ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይዘፍናሉ። ከሩቅ የሚኖረውም የከተማው ተወላጅ በዚያ ጊዜ ወደ አገሩ ይመለሳል። እንግዲህ በዓመቱ ከተማይቱ ሰው በሚበዛባትና በምትደምቅበት ሰሞን ነው የማላቦው ክለብ ወደ ትግራይ ስታዲየም የመጣው። ውጤቱ 1 ለ 1 ሆነ።

የዚህን ውጤት ክብደት ለመረዳት ካኖ ስፖርት ያገባትን አንዲት ጎል መመርመር ይበቃል። ያች ጎል በየትኛውም ደቂቃ ትግባ፣ ሥራዋ አንድ ነው። ከእርሷ በፊት መቐለን አንድ ጎል ያሳልፈው ነበር። ከእርሷ በኋላ ግን 2 ለ 1 ቢያሸንፍ እንኳ ድምሩ 3 ለ 3 ይሆንና የሁለቱም የውጭ ጎል እኩል ስለሚሆን ነገሩ በፍጹም ቅጣት ምት ይወሰን ነበር። ያለ ቅጣት ምት ለማለፍ ሦስት ጎል ያስፈልገው ነበር። ከአንድ ወደ ሦስት! በደርሶ መልስ ውድድር በሜዳ የሚገባ ጎል እንደ ተራ ጎል አይቈጠርም የሚባለው ስለዚህ ነው። መቐለ የወደቀው በማላቦ በገቡበት በሁለቱ ጎሎች ሳይሆን በመቐለ በገባችበት በአንዲቱ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

፬፤ ስለ ምክንያቱ

ከሽንፈት በኋላ ምክንያት አይጠፋም። እኛ ሦስቱን ብቻ እንመረምራለን።

አንደኛው ምክንያት ተጋጣሚው ብርቱ ነበር የሚል ነው። ይህን ለመመዘን ካኖ ስፖርት በኋላ ምን እንደደረሰበት ማየት ይገባል። በሚቀጥለው ዙር ከካይሮው አል አህሊ ጋር ተገናኝቶ በሁለት ጨዋታ በድምሩ 6 ለ 0 ተሸነፈ፤ አንድ ጎል እንኳ ሊያገባ አልቻለም። በእርግጥ አል አህሊ በአፍሪቃ ከሁሉ የበለጠ ዋንጫ የወሰደ ክለብ ስለሆነ፣ በእርሱ መሸነፍ ብቻውን ድክመትን አያሳይም። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በፊት ጅማ አባ ጅፋር ይህንኑ አል አህሊን ገጥሞ በካይሮው ክለብ ሜዳ 2 ለ 0 ቢረታም በመልሱ 1 ለ 0 አሸንፎ በድምሩ 2 ለ 1 ብቻ ነበር የወደቀው። ስለዚህ ካኖ ስፖርት ለኢትዮጵያ ሻምፒዮን የማይቻል ተጋጣሚ ነበር ማለት ራስን ማጽናናት ይሆናል። ከሐሰተኛ መጽናኛ ደግሞ እውነተኛ ቍጭት ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት የጊዜው ሥርዐት ነው። ይህ የበለጠ ክብደት አለው። በዚያው ነሐሴ ፋሲል ከነማ በሌላው የአፍሪቃ ውድድር፣ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ፣ ከታንዛኒያው አዛም ጋር ተጫውቶ ነበር። በአገሩ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በዳሬ ሰላም 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ በድምሩ 3 ለ 2 ወደቀ። እንግዲህ በሊጉ አንገት ለአንገት ተያይዘው የነበሩት ሁለቱ ክለቦች፣ የመቐለውና የጎንደሩ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ዓይነት ድምር፣ ከአፍሪቃ ውድድር ወጡ። በመሸጋገሪያው ዘመን በኅዳር የተጫወተው ጅማ ግን የጅቡቲውን ቴሌኮም አሸንፎ የመጀመሪያውን ዙር አልፎ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ክረምት ለክለቦቻችን እንቅፋት ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ጥቂት ምሳሌ ሕግ አይሆንም፤ የተጋጣሚዎቹም ኃይል የተለያየ ነው። ስለዚህ ይህን እንደ ግምት እንጂ እንደ ፍርድ አናቀርበውም።

ሦስተኛው የከፍታው ነገር ነው። ከባሕር ዳርቻ የመጣ ቡድን በ2000 ሜትር ላይ ሲጫወት አየሩ ያንሰዋል፤ ትንፋሹ ይቈረጣል፤ ስለዚህ በደጋ ሜዳ የሚጫወት ክለብ አብልጫ አለው ይባላል። ነገሩ በጠቅላላው እውነት ቢሆንም በመቐለ ግን አልሠራም። ከአንድ ወር በኋላም፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም.፣ ብሔራዊው ቡድን በዚያው በመቐለ ከሩዋንዳ ጋር ተጫውቶ 1 ለ 0 ተሸንፏል፤ ሩዋንዳውያንም የደጋ ሰዎች ናቸው። ከፍታ የሚጠቅመው ተጋጣሚውን ለማድከም የሚያስችል ፍጥነት ላለው፣ ዘጠናውን ደቂቃ ሙሉ ለሚሮጥ ቡድን ነው። ከዕረፍት ገና የተጠራ ቡድን በራሱ ተራራ ላይ ራሱ ይደክማል። ስለዚህ ሦስተኛው ምክንያት ተመልሶ ወደ ሁለተኛው ያደርሰናል።

፭፤ ዘመኑ ከመቐለ በኋላ

የውድድሩ ዘመን ከመቐለ መውጣት በኋላ ቀጠለ። እዚህ ላይ ታሪኩ ከሜዳ ውጭ ካለው ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደርሳለን።

በሚያዝያና በግንቦት 2012 ዓ.ም. ግድም የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሁሉ ባስጨነቀ ጊዜ የኢትዮጵያ ሊግ ሻምፒዮን ሳይሰየምበት ተሰረዘ። ስለዚህ የመቐለ ሻምፒዮንነት ያለ ተተኪ ቈየ። የአፍሪቃው ውድድርም ከሩብ ፍጻሜው በኋላ ተቋርጦ ለወራት ከቈመ በኋላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ቀጠለ። አል አህሊ የካዛብላንካውን ዊዳድን፣ ዛማሌክም የዚያችኑ ከተማ ራጃን አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ። ሁለት የአንድ ከተማ ክለቦች በአንድ ጨዋታ ሊፋለሙ ቀጠሮ ያዙ።

በመካከሉ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተጀመረ።

የፍጻሜው ጨዋታ በካይሮ የተደረገው ኅዳር 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ነው። አል አህሊ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መሐመድ ማግዲ አፍሻ ባገባት ጎል ዛማሌክን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በማግስቱ፣ ኅዳር 19 ቀን፣ የፌዴራሉ መንግሥት ሠራዊቱ መቐለን መያዙን አስታወቀ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. በአሸንዳ ሰሞን ለመቐለ የተጀመረው የውድድር ዘመን በካይሮ ሲያልቅ፣ ሻምፒዮኗ ከተማ በዚህ ሁኔታ ላይ ነበረች።

ይህን መገጣጠም የምናነሣው አንባቢን ለማስለቀስ አይደለም፤ ከኳሱ ውጤት ወደ ጦርነቱ የሚወስድ ምክንያትም የለም። የምናነሣው ስለ ታሪክ አጻጻፍ አንድ ነገር ስለሚያስተምረን ነው። በውድድሩ መዝገብ ይህ ዘመን ለመቐለ ያለቀው በነሐሴ 2011 ነው። ለከተማይቱ ሰው ግን ያ ጨዋታ በዓለም አቀፍ ውድድር ስሟ የተጠራበት፣ ሕዝቧ ስለ አንድ ጎል የተጨነቀበት የሰላም ጊዜ ትዝታ ሆኖ ቀረ። የ3 ለ 2 ሽንፈት ሲደርስ መራራ ነበር፤ በኋላ የመጣውን ያየ ሰው ግን ያን መራራነት እንደ ጸጋ ሊቈጥረው ይችላል።

ከጦርነቱ መጀመር በኋላ የትግራይ ሦስቱ የፕሪምየር ሊግ ክለቦች፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ፣ ከውድድር ወጡ። ተጫዋቾቻቸው ወደ ሌሎች ክለቦች ተበተኑ፤ አማኑኤል ገብረ ሚካኤልም ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ። ሊጉ ያለ እነርሱ አራት ዘመን ተጫወተ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ጦርነቱን የማቆም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ወዲያው ሊመለሱ አልቻሉም፤ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው። አንድ ክለብ ሻምፒዮን ሆኖ ከወጣበት ሊግ ሳይወርድ፣ በሜዳ ሳይረታ፣ ለአራት ዘመን መቅረቱ በእግር ኳስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም።

መደምደሚያ

ከላይ ያነሣናቸውን ሦስት ጥያቄዎች እንመልስ። መቐለ ወደ አፍሪቃው ውድድር የደረሰችው ከድርጅት ክለብ ወደ ከተማ ክለብ በተደረገው ለውጥ፣ በጥሩ አሠልጣኝና በሁለት ዓመት ሥራ ነው። የወደቀችው ተጋጣሚዋ ከዐቅሟ በላይ ስለሆነ ሳይሆን፣ በሜዳዋ በገባባት አንድ ጎልና ምናልባትም ክለቦቻችን ባልተዘጋጁበት በክረምት ውድድር በመጀመሩ ነው። ያ አንድ መስመርስ የዘመኑን ታሪክ በሙሉ ይናገራልን ለሚለው፣ አይናገርም እንላለን።

ስለ ድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ክለብ ጉዞ ዛሬ ብዙው ሰው የሚያውቀው አንድ ውጤት ብቻ ነው፤ 3 ለ 1። በአክራ ሜዳ ላይ የቈሙት ሰዎች ምን እንዳሉ፣ እንዴት እንደ ተጓዙ፣ ሲመለሱ ማን እንደ ተቀበላቸው በጊዜው ጠይቆ የጻፈ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ምን ያህል ባወቅን ነበር! የመቐለው ዘመን ግን ገና ቅርብ ነው። የተጫወቱት በሕይወት አሉ፤ ያሠለጠነው አለ፤ በአሸንዳ ሳምንት በስታዲየሙ የተቀመጡት ልጃገረዶችና ሽማግሌዎች አሉ። ወረቀት ቢጠፋ ሰው ይናገራል፤ ሰው ሲያልፍ ግን ወረቀትም ሰውም አይቀርም።

ስለዚህ የጥናት ጓደኞቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ የከተማችሁን ክለብ ነገር ጠይቁ። የአሮጌ ቲኬት ቍራጭ፣ የቡድን ፎቶግራፍ፣ የሽማግሌ ወሬ ሳትንቁ ሰብስቡ። መዝገብ ውጤቱን ይይዛል፤ ሰዎቹን መያዝ ግን የእኛ የተማሪዎቹ ሥራ ነው።